ያደረችበት አገር

«አልሰማሁም፤ ጮክ ብለሽ ተናገሪ!» አሉ ዳኛው ባላምባራስ ኃይለመለኮት።

አበራሽ ገና ምንም አላለችም ነበር። ከሆሳዕና ገበያ ዳር፣ ከዝግባው ሥር ጥርሷን ነክሳ ቆማለች። ፊት ለፊቷ አባቷ ወልደ ሰንበትና እናቷ ፋንታዬ ቆመዋል፤ የእሱ ኩታ ጫፍ ከእሷ ነጠላ ጫፍ ጋር ተቋጥሮ፣ እንደ ተሟጋች ወግ በቁራኛ ታስረዋል። በጋብቻ ዘመናቸው እንኳ እንዲህ ተጠጋግተው አያውቁም።

የሚሟገቱት በአበራሽ ነው፤ ማን ይውሰዳት ብለው። አባቷ ሆሳዕና ሲከስ ዳኛው «እናቲቱ ያለችው አዲሎ ነው፤ እዚያ ሂዱ» አሉ። የአዲሎው ዳኛ ደግሞ «ጋብቻው የፈረሰው ሆሳዕና ነው፤ ተመለሱ» አሉ። ከመስከረም እስከ ጥር እንዲሁ ሲመላለሱ ከረሙ። በመጨረሻ ባላምባራስ ቆረጡ፦ ልጅቱ ከመስከረም ወዲህ ያደረችበት አገር ዳኛ ይፍረድ።

በሆሳዕና ዋስ የሚሆን የአባቷ ዘመድ ሞልቷል፤ በአዲሎ የእናቷ። ስለዚህ አባትና እናቷ ወደዚህ ሲያመጧት ሁለት ቀን ሙሉ በመንገድ ጆሮዋን በሉት።

«ሆሳዕና በይ። አለዚያ አባት የለሽም።»

«አዲሎ በይ። አለዚያ ያጠባሁሽ ጡት ይፋረድሽ።»

አንዱ ሲያንሾካሹክ ሌላው በክንድ ርቀት ይሰማል። ማንም አላፈረም።

«ኧረ ጌታዬ፣ የጠፋች ጊደር እንኳ ባለቤቷ ከዚህ ቶሎ ይገኛል!» አለ ከሸንጎው መካከል ጨው ነጋዴው ብሩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቷም ሳቀ። እናቷም በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። አበራሽን ያንገበገባት የእነሱ ሳቅ ነው።

«በይ እንጂ ልጄ፣ የት ነው ያደርሽው?»

«ሙዱላ» አለች።

ሳቁ ቆመ።

«ሙዱላ? ማን ዘንድ?»

«ክርስትና እናቴ ዘንድ። እማማ እህተማርያም ዘንድ። እነዚህ ከዳኛ ዳኛ ሲዞሩ የአባቴም ቤት ዝግ፣ የእናቴም ቤት ዝግ። የጎረቤት ቆጮ እየለመንኩ አይታኝ ወሰደችኝ። አምስት ወር ያበላችኝ እሷ ናት።»

«ውሸቷን ነው!» አለ አባቷ።

«ውሸቷን ነው!» አለች እናቷ።

ከመስከረም ወዲህ የተስማሙት በዚህ ብቻ ነው።

«በሕግ አምላክ!» አለች አበራሽ። «ከትናንት በስቲያ ከማን ደጅ ወሰዳችሁኝ? በሉ ማሉ!»

ባላምባራስ ወደ ሁለቱ ዞሩ። «ትምላላችሁ?»

ከሁለቱም ለመሐላ እጁን ያነሣ የለም።

«እንግዲያስ የሚፈርደው የሙዱላ ዳኛ ነው» አሉ ባላምባራስ።

«ጌታዬ፣ እዚያ ማን ያውቀናል? ከየት ዋስ እናገኛለን?» አለ ወልደ ሰንበት።

«ልጅቱ ዋስ አላት። እናንተ ፈልጉ።»

ባልና ሚስት የነበሩት እዚያው ተያያዙ፤ «በአንቺ ነው!» «በአንተ ነው!» አበራሽ መቀነቷን አጠበቀችና ወደ ሙዱላው መንገድ አመራች። ሰዎቹ መንገድ ለቀቁላት። ብሩም ለቀቀ።

«አበራሽ! ቆዪ እንጂ!» አሉ ሁለቱም።

«መንገዱን ታውቁታላችሁ» አለች ሳትዞር። እርምጃዋንም አላዘገየች።