የታጠበው መዛቂያ

የዶክተር ተስፋጽዮን ሬሳ የተገኘው ማንም ሰው ቅጠል በማይበጥስበት ደን ውስጥ ነው። ከጨንቻ በታች ያለው ይህ ደን የአባቶች መቃብር ስለሆነ ያለ ሽማግሌዎች ፈቃድ መጥረቢያም ዶማም አይገባበትም። ሟቹ በግንባሩ ተደፍቷል፤ ማጅራቱ ተፈንክቷል። ደም የነካው የብረት አካፋ ከጎኑ ወድቋል።

አካፋው የደኑ ጠባቂ የአቶ ወልደየሱስ ነበር። ሽማግሌው ደግሞ በቅርቡ በጨንቻ ገበያ መሀል «ደኔን የሚቆፍር በእግሩ አይወጣም!» ብለው ዝተዋል። ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልገዋል? ካቴና አጥልቆባቸው ጠበቀ።

ኢንስፔክተር አገኘሽ ከአርባ ምንጭ ዳገቱን ወጥታ ስትደርስ ሽማግሌውን አየች፣ ካቴናውን አየች፣ ፖሊሱንም አየች።

«ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እንዳይሆንብህ» አለችውና ቁጢጥ አለች። ችኮላ የሚባል ነገር አይሆንላትም፤ የሚቸኩል ሰው ሲያጋጥማትም ትናደዳለች።

ከሬሳው ትንሽ ራቅ ብሎ ስንዝር የማይሞላ ጉድጓድ ነበር። ሣሩ ከነሥሩ ተነሥቶ፣ ከሥሩ ቀዩ አፈር ተወስዶ፣ ሣሩ እንደገና በቦታው ተመልሶ በእጅ ተጠቅጥቋል። ከጎኑ የዛፍ ሥር ላይ አንድ የፕላስቲክ መዛቂያ ተደፍቷል። አንድ ቅንጣት አፈር የለበትም፤ ታጥቧል። የሟቹ እጆች ንጹሕ ናቸው፤ የጋብቻ ቀለበቱም በጣቱ ላይ ነው።

«ደሙን ትቶ አፈሩን ያጠበ ሰው!» አለች ለራሷ።

ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አባቴ፣ አካፋዎ እንዴት እዚህ መጣ?»

«የጎርፍ ቦይ ስጠርግበት ውዬ ዛፍ ሥር ተውኩት። ከዚህ ደን ዕቃ ማን ይሰርቃል?»

«ለምን ዛቱ ታዲያ?»

«ሰውዬው ከደኑ አፈር ወሰድኩ ብሎ ጽፏል አሉኝ። እኔ ከዚህ አልጠፋም፤ አንድም ቀን አላየሁትም። ተደብቆ ገብቶ ከሆነ ብዬ ተቆጣሁ። ግን ልጄ፣ በአባቶቼ አጥንት ላይ ደም አፈሳለሁ?»

የሟቹ መኪና ከደኑ ዳር ቆማ ነበር። ሾፌሩን ጉታን አገኘሽ ራሷ ከአርባ ምንጭ ይዛው መጥታለች።

«ትናንት ከሰዓት ውስጧንም ውጪዋንም አጠብኳት፤ ከዚያ ቁልፉን ለዶክተሩ ሰጠሁት። ራሱ ነድቶ ሄደ» አለ ጉታ።

አገኘሽ ከማርሹ አጠገብ ካለችው የሳንቲም ማስቀመጫ ውስጥ አንዲት ቀጭን የወርቅ ቀለበት አገኘች። ምንም ሳትናገር ኪሷ ከተተቻት።

ቁልቁል ሲመለሱ ስለ ሟቹ ሥራ ጠየቀችው። ጉታ ፍሬን እየያዘ ነገራት። ዶክተሩ የዞኑን የላይኛውን አፈር ካርታ ይሠራ ነበር፤ እንደ እርሳስ ካሉት ጎጂ ብረቶች መሬቱ በተፈጥሮው የያዘው ምን ያህል ነው፣ ሰው የጨመረበትስ ምን ያህል ነው የሚለውን ይለያል። ተፈጥሮው የሚለካው የሰው እጅ ካልነካው ቦታ፣ ማለትም ከደኑ በተወሰደ አፈር ነው።

«እኛ ጋ ሩሐማ የምትባል ባለሙያ አለች» አለ ጉታ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከአቡሽ የአሮጌ ባትሪ ማቅለጫ አጥር ሥር ተከራይታ ትኖር ነበር። ልጇ ትንሳኤ ያንን አፈር እየተጫወተችበት አደገች። ክረምት ላይ እየተንቀጠቀጠች ሞተች፤ ሐኪሞቹ ደሟ ውስጥ እርሳስ አገኙ። ዶክተሩ ግን የመሬቱ ተፈጥሮ ነው ብሎ በካርታው አወጀ፤ አቡሽም ነጻ ወጣ።»

አገኘሽ በልቧ ተረተች፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ሩሐማን ላብራቶሪ ውስጥ አገኘቻት። «ሞቱን ስሰማ ደነገጥኩ» አለች ሩሐማ፤ የደነገጠ ሰው ፊት ግን አልነበራትም።

«አፈር የምትወስዱት በምንድን ነው?»

«በፕላስቲክ» አለች፤ ስለ ሥራዋ ስትጠየቅ ፊቷ ፈካ። «አካፋ አናስነካም፤ ብረቱ ልኩን ያዛባል። ቀለበት እንኳ መኪና ውስጥ አውልቀን ነው የምንወርደው። መዛቂያውንም የአንዱ ቦታ አፈር ከሌላው እንዳይቀላቀል ወዲያው እናጥበዋለን።»

«ጨንቻ መቼ ወጣሽ?»

«አምና ነው። ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም።»

አገኘሽ የሴትዮዋን ግራ እጅ አየች። በቀለበት ጣቷ ላይ ነጣ ያለ መስመር አለ። ከኋላዋ መደርደሪያው ላይ የቆላው አገር ጥቁር አፈር እንዲደርቅ በየወረቀቱ ላይ ተሰጥቷል፤ ከመሀሉ አንዱ ብቻ ቀይ ነበር።

በማግሥቱ አገኘሽ ሁሉንም ደኑ ዳር ሰበሰበቻቸው። አቡሽ አዲስ ጃኬት ለብሶ «ለወዳጄ ፍትሕ!» እያለ መጣ፤ ሽማግሌውንም በጣቱ ጠቆመ። «ገዳዩ ካቴና ላይ ነው። ምን ያሰበስበናል?»

«ቆይ፣ አቶ አቡሽ፤ አይቸኩሉ» አለች። «ሟቹ ቀለበቱን አላወለቀም፣ እጁም አፈር አልነካም። ስለዚህ ጉድጓዱን የቆፈረው ሌላ ሰው ነው። የቆፈረው በፕላስቲክ ነው፤ አጠገቡ አካፋ እያለለት አካፋ አላስነካም። ገድሎ ሲያበቃ ያጠበውም መዛቂያውን ነው። ይህ ሰው ከሕይወቱ ይልቅ ለአፈሩ ንጽሕና ተጨንቋል። አባባ ወልደየሱስ ቢሆኑ አፈር ምን ያደርግላቸዋል? እርስዎ ቢሆኑ ደግሞ ይህ አፈር ከዚህ ባይወጣ ነው የሚመርጡት።»

አቡሽ የጠቆመበትን ጣቱን ሰበሰበ።

«መኪናዋ ከታጠበች በኋላ አንድ ሰው ቀለበቱን አውልቆ ውስጧ አስቀምጧል። በጉታ ትንሿ ጣት እንኳ አታልፍም፤ ሞክሬዋለሁ። ገዳዩ በእግሩ ወደ አስፋልቱ ወርዶ በታክሲ ስለተመለሰ ቀለበቱን ረሳት። ወይዘሮ ሩሐማ፣ እጅሽን ስጪኝ።»

ሩሐማ እጇን ዘረጋች። ቀለበቷ ልክክ አለች።

«ዶክተሩ ከደኑ ነው ብሎ ያመጣልኝ አፈር ጥቁር ነበር» አለች ሩሐማ። «ከአቡሽ ጓሮ ነው የዘገነው። መርዙን የመሬት ተፈጥሮ አደረገው። ከአዲስ አበባ አጣሪ ሳይመጣብህ እውነተኛውን እንውሰድ አልኩት፤ ደስ ብሎት መጣ። እዚህ ቆሞ፣ ‹ልጅሽን መሬቱ ነው የገደላት፣ እርምሽን አውጪ› አለኝ። አካፋው ባይኖር በድንጋይ አደርገው ነበር። አልጸጸትም!»

«እኚህ አባት ሲታሰሩስ? ለምን ዝም አልሽ?»

ሩሐማ ካቴናውን አየች። ሽማግሌው ቀረብ ብለው ካቴና ባለበት እጃቸው ትከሻዋን ነኩ።

«ልጄ፣ ሀዘንሽን ብትነግሪኝ ኖሮ ራሴ አስቆፍርሽ ነበር። የጠየቀኝ ሰው የለም።»

ያኔ ሩሐማ ሣሩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

አቡሽ ቀስ ብሎ ወደ መኪናው ሲያፈገፍግ አገኘሽ ጠራችው። «ወዴት ነው? ቀዩን አፈር በኤግዚቢትነት ይዤዋለሁ። ሌላ ላብራቶሪ ይመረምረዋል፤ እርሳስ ከሌለበት የእርስዎ ጓሮ መርዝ የመሬት ተፈጥሮ አይደለም ማለት ነው። ችሎት ፊት ይነበባል፤ እርስዎም ይጠራሉ።»

ሩሐማ ቀና አለች። «የትንሳኤ ስም አብሮ ይነበባል?»

«የገደልሽበት ምክንያት ነውና ይነበባል» አለች አገኘሽ። ቁልፉን አውጥታ የሽማግሌውን ካቴና ፈታች።

ሩሐማ እንባዋን ጠረገችና ሁለት እጆቿን ራሷ ዘረጋች።