የማይከዳኝ የቱ ነው?

ናጅዋ ያን ቅዳሜ ከመርሳ ወልድያ የመጣችው ላፕቶፕ ልትገዛ ሳይሆን ልትጠይቅ ነበር። ግራና በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ባለ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት፤ በርቀት ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። የመመረቂያ ጽሑፏ በጦርነቱ ወራት፣ መንገድ ተዘግቶ ሳለ፣ የአካባቢው ሴቶች እንዴት እንደ ወለዱ የሚያጠና ነው። የድሮ ላፕቶፗ ሥራውን ሳትጀምረው ሞተባት። የሚቀጥለው እንዲሞትባት አትፈልግም።

ሦስት ሱቅ ገብታ ሦስት መልስ ሰማች። አንዱ ዴል አላት፣ ሌላው ኤችፒ፣ ሦስተኛው ሌኖቮ። ሁሉም የሚያሞግሱት መደርደሪያቸው ላይ ያለውን ነበር። አራተኛው ሱቅ ውስጥ አንድ ወጣት የተፈታታ ማሽን በብሩሽ ይጠርጋል።

«የማይከዳኝ የቱ ነው?» አለችው።

ወጣቱ ቀና ብሎ አያት። ዓሪፍ ይባላል። ብዙ ሰው ሲጠይቀው ሰምቷል፤ እንዲህ ብሎ የጠየቀው ግን አልነበረም።

«ስሙን ብቻ አይተሽ አትግዢ» አላት። «ከሦስቱም ደህና አለ። ያገለገለ ከሆነ ማን ምን ሠራበት፣ ባትሪው ምን ያህል ይይዛል፣ ዲስኩ ጤነኛ ነው ወይ፣ እሱን ጠይቂ።»

«ማንን ልጠይቅ? ሻጩን?»

«ሻጭማ እውነቱን አይነግርሽም።»

«አንተስ ሻጭ አይደለህም?»

«እኔ ጠጋኝ ነኝ። ሻጩ ወንድሜ ነው።»

ናጅዋ ሳቀች። ዓሪፍም ብሩሹን አስቀመጠ።

በሚቀጥሉት ሁለት ቅዳሜዎች ተመላለሰች። እሱ እየከፈተ ያሳያታል፤ የአንዱን ማጠፊያ፣ የሌላውን ማራገቢያ፣ የሦስተኛውን ሙቀት በመዳፏ እንድትለካ ያደርጋታል። እጃቸው አንድ ጊዜ ኪቦርዱ ላይ ተነካካ፤ ሁለቱም ቶሎ አላነሱም። በመጨረሻ አንድ ግራጫ ማሽን መረጡ። ዓሪፍ ሦስት ቀን ፈትኖት «ለዚህ ዋሱ እኔ ነኝ» አላት።

ልትወስደው በመጣችበት ጠዋት ግን አንድ ነገር ሆነ። የሱቁ ባለቤት አብዱልጀሊል የዓሪፍ ታላቅ ወንድም ነው፤ አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደገውም እሱ ነው። ሱቁ በጦርነቱ ተዘርፎ ከባዶ የተነሣ ሰው ስለሆነ ደንበኛን መመለስ አይሆንለትም። ሌላ ደንበኛ ቸኩሎ ሲመጣበት ከግራጫው ማሽን ደህናውን ዲስክ አውጥቶ ለዚያ ሰው ሰጠ፤ በምትኩ ከመሳቢያ ያረጀ ዲስክ አስገባ።

«ይሄማ አይቆይላትም» አለ ዓሪፍ።

«ዓመት ይቆያል። ዝም በል፤ መጣች።»

ዝም አለ። ናጅዋ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቅፋ ስትወጣ በዓይኑ ሸኛት። በሳምንቱ እቀይርላታለሁ ብሎ ለራሱ ማለ።

በሳምንቱ ግን ናጅዋ ገጠር ነበረች። በስልኳ የሴቶችን ቃል እየቀረጸች ወደ ላፕቶፑ ታስገባለች፤ ስልኳ ሲሞላ ከስልኩ ላይ ትሰርዛቸዋለች። ማታ ማታ የሰማችውን ለዓሪፍ በስልክ ትነግረዋለች። ከሁሉ አብልጣ የምታወራለት ስለ እማማ አለሚቱ ነበር። አሮጊቷ በእነዚያ ወራት አሥራ ሰባት ሕፃን አዋልደዋል፤ የመጨረሻውን ያዋለዱት ዋሻ ውስጥ ነው።

«ሁለት ሰዓት ሙሉ አወሩኝ» አለችው። «ድምፃቸው አንዴም አልተንቀጠቀጠም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።»

«ወደ ፍላሽ ገልብጠሽዋል?»

«እገለብጠዋለሁ። አንተ ደግሞ ከእኔ ይልቅ ለላፕቶፑ ነው የምታስበው።»

«አምጪውና ልየው።»

«ቃለ መጠይቁን ልጨርስና።»

በየሳምንቱ ይጠይቃታል፤ በየሳምንቱ ትስቅበታለች። አዲስ ዲስክ ከአዲስ አበባ አስመጥቶ መሳቢያው ውስጥ አስቀምጧል። እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ አፉን ከፈተ። ግን በየቀኑ ይበልጥ እየወደዳት ነበርና፣ የሚያጣው ነገር በየቀኑ እየበዛበት ሄደ። ከዒድ በኋላ ሽማግሌ እንደሚልክ ሲነግራት «አባቴ ይወዱሃል» አለችው።

በአምስተኛው ወር እማማ አለሚቱ አረፉ። ናጅዋ ከቀብር በተመለሰች በሦስተኛው ቀን ላፕቶፑ አልከፈት አለ።

ወልድያ ስትደርስ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። «ዘጠኙን ቃለ መጠይቅ ገልብጫለሁ። አምስቱ ግን እዚህ ውስጥ ናቸው። እማማ አለሚቱም።»

ዓሪፍ ዲስኩን አውጥቶ የሚያውቀውን ሁሉ ሞከረ። ከዚያም አዲስ አበባ ወዳለ ባለሙያ ላከው። በአሥራ አንደኛው ቀን መልስ መጣ፤ አራቱ ተገኝተዋል፣ የእማማ አለሚቱ አልተገኘም።

ናጅዋ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሰማችው። ዓሪፍ ማሽኑን ሊሠራላት መሳቢያውን ከፍቶ አዲሱን ዲስክ አወጣ። ማሸጊያው ላይ ስሟ ተጽፏል።

«ይሄን መቼ አስመጣኸው?»

«ቆይቷል።»

«ከመበላሸቱ በፊት?»

ዓሪፍ ዲስኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። መዋሸት ይችል ነበር፤ ግን መደበቁ ደክሞት ነበር። ሁሉንም ነገራት። ያን ጠዋት፣ አሮጌውን ዲስክ፣ ዝምታውን።

አልጮኸችበትም። «በየሳምንቱ ‹ገልብጠሽዋል?› ስትለኝ አሳቢ ነው እል ነበር» አለች። ባዶውን ቦርሳ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወጣች። መናኸሪያ ድረስ ተከተላት፤ ሚኒባሱ ውስጥ ገብታ ፊቷን ወደ ወዲያኛው መስኮት አዞረች።

ከዚያ ወዲያ ስልክ አላነሳችም። ጓደኛዋ ሀስና አንድ ቀን ለዓሪፍ «ሰላም በላት አትበለኝ፤ ስምህን ማንሳት ከልክላኛለች» አለችው።

በአራተኛው ወር ናጅዋ የእማማ አለሚቱን ልጅ ሮማንን ይቅርታ ለመጠየቅ ወደ መንደራቸው ሄደች። ስትፈራው የቆየችው መንገድ ነበር። ሮማን ጤፍ እያበጠረች ሰማቻት፤ አልደነገጠችም።

«አውቀዋለሁ» አለች። «አንድ ከወልድያ የመጣ ልጅ ነግሮኛል። አቧራ ለብሶ በእግሩ መጣና፣ የእናትሽን ድምፅ ያጠፋሁት እኔ ነኝ አለኝ። ውሃ ስሰጠው እንኳ አልጠጣም።»

«መቼ?»

«ክረምት ሳይገባ።»

ናጅዋ እስክትመለስ ድረስ መንገዱን አላየችውም። ቤቷ ደርሳ ደወለችለት።

«ሽማግሌህን ላክ» አለችው። «ግን አባቴ ፊት አንተው ትናገራለህ። ሳትቀንስ፣ ሳትጨምር።»

መርሳ ዳር ባለው ግቢያቸው፣ ማንጎው ሥር፣ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አንዱ አብዱልጀሊል ነው። በአገሩ ልማድ ዓሪፍ ቤት መቅረት ሲገባው አብሯቸው በመምጣቱ ሰው ተገርሟል። አባቷ እንድሪስ ሰላምታውን ተቀብለው ሲያበቁ ዓሪፍ ተነሥቶ ቆመ።

«ለልጅዎ ደህናው ዲስክ ወጥቶ ያረጀ የገባበትን ማሽን እያወቅሁ ሰጠኋት። አምስት ወር ዝም አልኩ። የሞቱ ሰው ቃል በእኔ ምክንያት ጠፋ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ለጋብቻ መጥተው እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው አያውቁም።

«ዲስኩን ማን ቀየረው?» አሉ እንድሪስ።

«የሰጠኋት እኔ ነኝ።»

«እሱን አልጠየቅሁህም።»

ዓሪፍ መሬት መሬት አየ። ያሳደገውን ሰው በሽማግሌ ፊት ማዋረድ አልቻለም። 

«እኔ ነኝ» አለ አብዱልጀሊል። ድምፁ ሻክሯል። «አይቆይላትም ሲለኝ ዝም ያስባልኩትም እኔ ነኝ። ሱቄ ተዘርፎብኝ ነበር፤ እሱ ግን ምክንያት አይሆንም።»

እንድሪስ ሁለቱን ወንድማማቾች ተራ በተራ አዩአቸው።

«አንዳችሁ እንኳ ብትዋሹኝ መልሴ ቀላል ነበር» አሉ። ከዚያ ወደ ቤቱ ዞረው ልጃቸውን ጠሩ።

ናጅዋ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ከስታለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓሪፍን ቀጥ ብላ አየችው።

«ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ አባዬ።»

«ምን ትያለሽ?»

«ገና ከልቤ ይቅር ብዬ አውፍ አላልኩትም» አለች። «እማማ አለሚቱን ባሰብኩ ቁጥር ያመኛል። ምናልባት ዕድሜ ልኬን ያመኝ ይሆናል።» ወደ አባቷ ዞረች። «ግን እሱ ሳይኖርም አመመኝ። እሺ ብያለሁ።»

እንድሪስ መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ። ሁሉም እጁን ዘረጋ፤ አብዱልጀሊል ከሁሉ ዘግይቶ። ዱዓው ሲያበቃ ዓሪፍ አሚን ሊል ፈልጎ ድምፁ እምቢ አለው። ናጅዋ እያየችው፣ ለሁለቱም በሚበቃ ድምፅ፣ «አሚን» አለች።