ሳይነኩት የሚጮኸው መጋዝ

ሔራን የነዳጅ መስጫውን ለቀቀችው። የሞተር መጋዙ ግን አልለቀቃትም።

የማንም ጣት ሳይነካው ድምፁ ከፍ አለ፣ ቀጠነ፣ ጮኸ። ከቤቱ ጀርባ ካለው ጫካ ማሚቶው ሲመለስ፣ እዚያም ሌላ ሰው መጋዝ ያስነሳ ይመስል ነበር። ደንግጣ ማጥፊያውን ተጫነች። ጋራዡ ጭጭ አለ።

«እሱ ነው» አሉ ወይዘሮ ንግስት በሹክሹክታ። «በፈቃዱ እንዲህ ነበር የሚያስጮኸው።»

መጋዙ የባለቤታቸው ነበር። ጋሽ በፈቃዱ ዛፍ ቆራጭ ነበሩ፤ አምና ከዛፍ ላይ ወድቀው ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ ንግስት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ያፌት ዛፍ ላይ እንዳይወጣ ከልክለዋል። ያፌት ዛሬ ከአሌክሳንድሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ይዟቸው የመጣው፣ ሔራን ያደሰችውን የአባቱን መጋዝ አይተው ልባቸው ይራራና ሰኞ ሀያትስቪል ያገኘውን የዛፍ ቆረጣ ሥራ ይፈቅዱለት እንደሆን ብሎ ነው።

የጋራዡ ባለቤት፣ የሔራን አጎት ጋሼ ማቲያስ፣ አማተቡ። ሃያ ዓመት ሞተር ሲፈቱ «ጥፋቱ ወይ ካንተ ነው ወይ ከዕቃው፤ ሦስተኛ የለም» እያሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ሟቹ ጓደኛቸው ነበሩና ዛሬ ሦስተኛ ሳይገኝላቸው አልቀረም።

ሁሉም ሻይ ሊጠጡ ወደ ቤት ገቡ። ሔራን ከመጋዙ ጋር ብቻዋን ቀረች፤ ጀርባዋን ልትሰጠው አልደፈረችም።

ይህ ብቻዋን ፖርት ያደረገችው የመጀመሪያ ሲሊንደር ነው። ሞተሩ እንደ ልቡ እንዲተነፍስ ሦስት ሳምንት ሙሉ በትንሿ የኤሌክትሪክ ሞረድ የጭስ መውጫውን ቀዳዳ ስታሰፋና ስታለሰልስ ከረመች። ጉልበቱ እንዲጨምርም ከሲሊንደሩ ሥር ሆኖ አየር እንዳይገባ የሚያሽገውን ጓርኒሲዮን አውጥታ በምትኩ ማጣበቂያ ቀባች። ቀብታ ሳትጨርስ ጓደኛዋ ሰሊና ኮል አደረገችላት። ብዙ ሳቁ። ከስልኩ በኋላ የኋላውን ጥግ መቀባቷ ትዝ አላላትም። እዚያ ጋ አየር ከገባ ደግሞ ሞተር ያለ ትእዛዝ ይፈጥናል።

መጋዙን አስነሳችው። ጮኸ። ጥጉ ላይ ትንሽ ዘይት ረጨች። ዘይቱ ክፍተቱን ሲደፍነው ጩኸቱ የታነቀ ሰው ድምፅ መስሎ ዝቅ አለ፤ ዘይቱ ሲያልቅ መልሶ ወጣ። አጠፋችው።

እፎይ ማለት ሲገባት ይበልጥ ፈራች። የሞተ ሰው ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ የእሷ አይሆንም ነበር። ሰው «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይላል፤ እሷ ግን ዝም ብትል ሁሉንም ለሙት ማሸከሟ ነው።

ሲመለሱ ወይዘሮ ንግስት ከመኪና ያወጡትን የባለቤታቸውን ቀይ ሄልሜት ይዘው ነበር። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«አሁንም ሲጮህ ሰማሁት። አባትህ አብሮህ ነው፣ ልጄ። ሰኞ ውጣ።»

«ሪሊ፣ ማሚ?» ያፌት ጎንበስ አለና እናቱ በገዛ እጃቸው ሄልሜቱን ደፉለት። ሔራንን ጠቀሳት። «ሔሩ፣ ዩ አር ኤ ጂኒየስ!»

«ከእንግዲህ ሲሊንደር ሁሉ ያንቺ ነው» አሉ ጋሼ ማቲያስ።

ይህን ቃል ለመስማት ሁለት ዓመት ብሎን አጥባለች። አሁን ግን የታያት ሰኞ ነበር፦ ያፌት ሀያትስቪል ውስጥ፣ ትልቅ ዛፍ ጫፍ ላይ። ጣቱን ይለቃል። መጋዙ አይለቀውም።

መፍቻውን አነሳችና የመጀመሪያውን ብሎን ፈታች። ሲሊንደሩ ገና ትኩስ ነበርና ጣቷን ጠበሳት።

«ምን ነካሽ፣ የኔ ልጅ?» አሉ ወይዘሮ ንግስት። «ተዪው እንጂ! በፈቃዱን ምን አርግ ትዪዋለሽ?»

«እትዬ ንግስት» አለች ሔራን፣ ሁለተኛውን ብሎን እየፈታች። «እሳቸው አይደሉም። እኔ ነኝ።»