የሀምዲን አገጭ የታሰረበት ጨርቅ

ጨርቅ ነጋዴው ሀምዲን ሆጤ ሰፈር ባለው ሱቁ ጓዳ ሞቶ፣ ጨርቁም ተዘርፎ ሲገኝ፣ የሰፈሩ ሰው ፍርዱን ለመስጠት ምሳ ሰዓት እንኳ አልጠበቀም። «ወሮበሎች ናቸው!» ተባለ። ወሮበላ ሲባል ደግሞ የሚታወሰው ጥበቡ ነው፤ ድሮ ከዘራፊዎች ጋር ውሎ የታሰረ፣ አሁን ግን ባጃጅ ነድቶ የሚያድር። የእናቱ ቤት በድንጋይ ተደበደበ፤ እሱም ተያዘ።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ስመኝን ሰው ሁሉ ሲስማማ ይከነክናታል። አጎንብሳ ሬሳውን አየች። ጭንቅላቱ ከብረት ሳጥኑ ጠርዝ ጋር ተጋጭቷል። ዓይኖቹ ተከድነዋል፤ አገጩ በቁራጭ ጨርቅ ታስሯል፤ ፊቱም ሙስሊም ሲሰግድ ወደሚዞርበት ወደ ቂብላ ዞሯል።

«እርስዎ ነዎት ያሰሩለት?» አለችው ሬሳውን ያገኘውን ጎረቤት፣ ልብስ ሰፊውን ኪዳኑን።

«ኧረ እኔ አልነካሁትም! ከበር ሆኜ አይቼ ነው የጮህኩት።»

«ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«በጋራ ግድግዳችን ተጨቃጭቀናል። በግድግዳ ሰው ይገደላል?»

«ይገደላል» አለች። ኪዳኑ ላብ በላብ ሆነ።

የሟች የወንድም ልጅ መሕሙድ ግን ሳይጠየቅ ተናገረ። «ኮምቦልቻ ነው ያደርኩት፣ ወላሂ! ያንን ወሮበላ ለኛ ስጡን።» ይህን ሲል የስመኝን ዓይን አላየም።

ለለቅሶ ደጋን ሄዳ የነበረችው የሟች ሚስት መሪየም እንደተመለሰች፣ ስመኝ ሁሉንም ቤቷ ሰበሰበች። ጥበቡም በካቴና መጣ። መሪየም ስታየው «ይሰቀልልኝ!» ብላ ጮኸች።

«ወሮበላ የምንለው ለምንድን ነው?» ብላ ጀመረች ስመኝ። «ስሙ የወጣው ከሥራው ነው፤ ወርሮ የሚበላ ማለት ነው። በቡድን ይመጣል፣ ይዘርፋል፣ ይካፈላል። ከሱቁ የተወሰደው ጨርቅ ግን ሁሉም ከሱቁ ጀርባ ቦይ ውስጥ ተጥሎ ተገኘ። ወረሩ እንበል፤ ማን በላ?»

«ደንግጠው ጥለውት ይሆናላ» አለ መሕሙድ።

«የደነገጠ ሌባ የሟች ዓይን ሲከድን አይቆይም። ኪዳኑ ጮሆ ስንደርስ ሬሳው ድርቅ ብሎ ነበር፤ አገጭ የሚታሰረው ደግሞ ሳይደርቅ ነው። ያሰረው ሲሞት አጠገቡ የነበረ ሰው ነው። አፉን ከፍቶ ሊተወው አንጀቱ አልቻለም።» ቁራጩን ጨርቅ ለመሪየም ዘረጋችላት። «የሱቅ ጨርቅ አይደለም፤ የተለበሰ ነው። ያውቁታል?»

መሪየም በጣቶቿ ዳበሰችው። መሕሙድን ከጨቅላነቱ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ዝም ማለት ትችል ነበር።

«ለኢድ የገዛሁለት ሽርጥ ቁራጭ ነው» አለች በመጨረሻ። «መሕሙድ፣ ደጋን ልሄድ ኮምቦልቻ ላይ ስንለያይ ለብሰኸው ነበር። ታዲያ እዚህ ማን አመጣው?»

መሕሙድ እግሯ ላይ ወደቀ። «ያንተ ነው ሲለኝ የኖረውን ሱቅ ሊሸጠው ነው ሲሉኝ ተመልሼ መጣሁ። ገፋሁት እንጂ ልገድለው አልነበረም። የሌባ ሥራ እንዲመስል ብዬ ነው ጨርቁን የጣልኩት።»

የጥበቡ ካቴና ተፈታ። መሪየም ቀና ብላ ማየት አቃታት።

«አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ልጄ።»

«እኔስ ለምጄዋለሁ፣ እማማ» አለ ጥበቡ። «ወሮበላ ወለድሽ ተብላ በር ዘግታ የምታለቅሰው እናቴ ናት።»

ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት የሐዘን ጊዜዋን፣ ኢዳዋን፣ ሳትጨርስ እንዲሁ ከቤት አትወጣም። መሪየም ግን ተነስታ ጫማዋን አደረገች።

«ምራኝ» አለችው። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰፈሩ ሁሉ እያየ፣ ከጥበቡ ጎን ሆና ወደ እናቱ በር ሄደች።