የኦሞድ ግንድ

የጋምቤላ ፀሐይ ገና በማለዳ ቆርቆሮውን ታንጣጣዋለች፤ ነርሷን አልማዜን ግን እረፍት የነሳት ሙቀቱ ሳይሆን የጎረቤቷ ግንድ ነበር። ሹፌሩ ኦሞድ ምሽት ላይ በአይሱዙ ያራገፈውን ትልቅ ግንድ፣ አሠራሩን ከስልኩ እያየ፣ በሞተር መጋዝ ወደ ወፋፍራም ጣውላ ሰነጠቀው። ዳርና ዳሩን ሳይጠርብ፣ እንደ ተፈጥሮው ከነጉብጠቱ ተወው። ጫፍ ጫፉን ቀለም ቀባ፤ በየጣውላው መካከል ቀጫጭን እንጨት እያስገባ ከዳስ ሥር ደረደረ፤ ድንጋይ ጭኖ በሸራ ሸፈነው። ከዚያ ወራት አለፉ፤ አይሸጠው፣ አይሠራበት።

«የተሰረቀ የደን እንጨት ባይሆን ምን ያስደብቀዋል?» አለች ለባሏ ለበሪሁን። «ቀለሙስ? ምልክት ማጥፊያ ነው እንጂ!»

«የሚለየን አንድ አጥር ነው፤ ለምን አትጠይቂውም?»

«ሌባ ሲጠየቅ ሌባ ነኝ ይላል?»

«ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ! ተይ አልማዜ።»

እሷ ግን አልተወችም፤ በየቡናው ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች። ኦሞድ ሸራውን ሲያስተካክል ካየች ባሏን «አየኸው!» ትላለች፤ ኦሞድ ሰላም ካላት ደግሞ «ሊያለሳልሰኝ ነው» ትላለች። ጥርጣሬ እንዲህ ነው፤ አንዴ ከገባ ሰላምታውንም ማስረጃ ያደርገዋል። ኦሞድና ሚስቱ አጁሉ ለለቅሶ ኢታንግ በሄዱ ጊዜ ለሰፈሩ ጥበቃዎች ተናገረች። እነሱም ሊፈትሹ ክምሩን አፍርሰው ጣውላውን ፀሐይ ላይ በትነውት ሄዱ።

ኦሞድ ሲመለስ ጣውላው ተሰነጣጥቆ ጠበቀው። ጎንበስ ብሎ ስንጥቁን በጣቱ ዳሰሰ። አልማዜ አጥሩን ይዛ ታየዋለች።

«ሲስተር፣ ይሄ የእናቴ ማንጎ ነው» አላት። «ባሮ ሞልቶ ጣለው። ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ካልደረቀ ይሰነጠቃል። ቀለሙም ለሱ ነው። አንቺ ለአጁሉ ነግረሽ የለ? ክሊኒክ እናቶች መሬት ይቀመጣሉ ብለሽ። ወንበር ላደርግላችሁ ነበር።»

«እኔ ነኝ ያስፈረስኩት፤ ይቅር በለኝ» አለች አልማዜ እያለቀሰች።

«ይቅር ብያለሁ» አለ ኦሞድ፤ «ግን ሰፈሩ ሌባ ይለኛል።»

ያወራችበትን ቤት ሁሉ እየዞረች አስተባበለች። ሁሉ ጋ ግን አልደረሰችም፤ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና። ጎረቤቱን የጠረጠረ ሰው ወሬ ከመዝራቱ በፊት በሩን ያንኳኳ።

ዛሬ በክሊኒኩ በረንዳ ላይ ከዚያው ጣውላ የተሠራ አግዳሚ ወንበር አለ። ሕፃን ያቀፉ እናቶች ይቀመጡበታል።

«እንዲህ ያማረ እንጨት ምን ሰነጠቀው?» ብላ አንዷ ስትጠይቅ፣ አልማዜ ሥራዋን አቁማ ትመልሳለች፦

«የኔ ምላስ።»