አንቱና አንተ

የምሥራች የአባቷን ጫማ በፌስታል እያስገባች ሳለ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አየች። ብርድ መስሏት በርኖሱን ወደ ትከሻቸው ሳበችላቸው። መሐል ሜዳ ከተማ በሰኔ ይበርዳል፤ የሆስፒታሉ ክፍልም ከውጭው እምብዛም አይሻልም። በርኖሱ ከተደረበ በኋላም ግን እጃቸው አላረፈም።

አቶ ይታየው ሆዳቸውን አሟቸው ከሞላሌ አጠገብ ካለው መንደራቸው የመጡት በዚያው ቀን ጠዋት ነበር። ሐኪሙ አንጀታቸው መታጠፉንና ዛሬውኑ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋቸው ነገራቸው። እናቷ ወንድ ልጅ ወልዳ የሁለት ሳምንት አራስ ስለሆነች አብራቸው የመጣችው የምሥራች ናት። መሐል ሜዳ የሚኖሩት የአባቷ እህት፣ እትዬ ዘነበች፣ የስምምነት ወረቀቱን ፈርመው ለጊዜው ወጣ ብለዋል።

ሌላው ጭንቀት የነገው ነበር። ነገ በሞላሌ የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ይጀመራል። ጓደኛዋ ማዕረግ ጠዋት በእትዬ ዘነበች ስልክ ደውላ «ሚኒስትሪ እኮ ነው፤ እንዳትፎርፊ» ብላታለች። አባቷ ወደ ቀዶ ሕክምና የሚገቡት ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ወደ ሞላሌ የሚሄደው የመጨረሻው መኪና ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነሳል። ቀዶ ሕክምናው ምን ያህል እንደሚቆይ ሐኪሙን ብትጠይቀው ቁርጥ ያለ ነገር አልነገራትም።

የምሥራች አባቷ ሲፈሩ አይታ አታውቅም። አምና የጎረቤታቸውን በሬ ጎርፍ ሲወስደው ወገባቸው ላይ ገመድ አስረው ወንዝ የገቡ ሰው ናቸው። ቤት ውስጥ ብዙ አይናገሩም፤ መቆጣትም አያስፈልጋቸውም፣ አንዴ ቀና ብለው ካዩ ይበቃል። «አባታችን ሆይ» ብላ ስትጸልይ በሐሳቧ የሚመጣባት የእሳቸው ፊት ነበር፤ ዝምተኛ፣ ጠንካራ፣ ትንሽም የሚያስፈራ። አሁን በዚያ ብርድ ፊታቸው ላብ አውጥቷል። ከእንግዲህ ስትጸልይ ማንን ልታስብ ነው?

«አባባ፣ ባሰብዎት እንዴ?» አለቻቸው።

«አይ፣ ፈርቼ ነው።»

አይዞዎት ልትላቸው ፈለገች፤ ግን በዚያ ቤት አይዞሽ ስትባል የኖረችው እሷ ናት። የፌስታሉን አፍ ቋጠረችና መልሳ ፈታችው።

አባቷ ጣሪያውን እያዩ ማውራት ጀመሩ። አባታቸው የሞቱት እሳቸው ሰባት ዓመት ሳይሞላቸው ነው፤ መልካቸውን እንኳ አያስታውሱም። ልጅ ሆነው ሲፈሩ የሚጠሩት ሰው አልነበራቸውም። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን የሰሙትን ይዘው እግዚአብሔርን «አባቴ» ማለት ለመዱ። ረጅም ጸሎት አይደለም፣ ያቺን አንዲት ቃል ብቻ ነው። ወንዝ የገቡ ዕለትም ያንኑ ብለዋል።

«ያን ቀንም ፈርተው ነበር?»

«እንዴታ።»

«ሲጠሩት ፍርሃቱ ይለቅዎታል?»

«አንዳንዴ ይለቀኛል፣ አንዳንዴ አይለቀኝም። ግን ብቻዬን አልሆንም።» ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «እኔን አንቱ ትይኛለሽ። እሱን ግን አንተ ነው የምትይው። ‹ስምህ ይቀደስ› እንጂ ‹ስምዎ ይቀደስ› ትያለሽ? ከእኔ ይልቅ እሱ ይቀርብሻል፣ ልጄ።»

የምሥራች ይህን ጸሎት ስንት ጊዜ ብላዋለች፤ ይህን ግን ልብ ብላ አታውቅም። ትልቁ አንተ፣ ትንሹ አንቱ የሚባለው እንዴት ነው? ነገሩ ተምታታባት። ልትጠይቃቸው ስትል ነርሷ ባለጎማ አልጋ እየገፋች ገባች። አባቷ ከክፍሉ ሲወጡ «መኪናው እንዳያመልጥሽ» አሏት።

የቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ከተዘጋ በኋላ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጠች። እትዬ ዘነበች ተመልሰው አጠገቧ ተቀመጡ። ሂጂ አሏት፤ ወዲያው ደግሞ ልብሽ ካልቻለ ቅሪ አሏት። ይህ ይበልጥ ግራ አጋባት። እሷ መኪና ውስጥ እያለች አንድ ነገር ቢሆኑስ? ብትቀርስ ከዚህ በር ፊት ተቀምጣ ምን ታደርግላቸዋለች?

«አባታችን ሆይ» ብላ ጀመረች። መሐል ላይ ስትደርስ ቃሉ ጠፋባት። እንደገና ጀመረች፤ አሁንም ጠፋባት። በመጨረሻ የገዛ ቃሏ በሹክሹክታ ወጣ።

«አባቴ ፈርቷል። አንተ ያዘው።»

የራሷ አነጋገር አስደነገጣት። ፈርተዋል አላለችም፤ ፈርቷል ነው ያለችው። በሕይወቷ አባቷን እንዲህ ጠርታ አታውቅም። አክስቷን በቆረጣ አየቻቸው፤ አልሰሟትም። መልሳ ልታስተካክለው አሰበችና ተወችው። በዚያኛው አባት ፊት አባቷም እንደ ጨቅላው ወንድሟ ልጅ ነው፤ ልጅ ደግሞ አንቱ አይባልም።

ጭንቀቱ አልለቀቃትም። ነገር ግን በሩን እየጠበቀች ያለችው ብቻዋን እንዳልሆነች ተሰማት። ይህ እምነት ይሁን ድካም መለየት አልቻለችም። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ተነሥታ ፌስታሉን ለአክስቷ ሰጠቻቸው።

«ሲነቁ ሄዳለች ይበሉልኝ።»

«ልብሽ ቆረጠ?»

«እንጃ» አለች የምሥራች። «ግን እሄዳለሁ።»

አመሻሽ ላይ ሞላሌ፣ የምሥራች ልታድር በሄደችበት በእነማዕረግ ቤት ስልክ ተደወለ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ስለነበር የእትዬ ዘነበች ድምፅ ግማሹ ብቻ ነበር የሚሰማው። ቀዶ ሕክምናው በሰላም አልቋል። «ነቅቷል» አሉ እትዬ ዘነበች፤ «ውሃ ስጡኝ እያለ ነርሷን እየጨቀጨቃት ነው።» ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

የምሥራች ስልኩን ለማዕረግ መለሰችላት። መሳቅም ማልቀስም አማራት። ማዕረግ ምንጣፉ ላይ ቦታ ለቀቀችላትና የሒሳብ ደብተሯን ዘረጋች።

«ከየት እንጀምር?»

«ካልገባኝ ቦታ» አለች የምሥራች፤ እርሳሷን አወጣችና አጠገቧ ተቀመጠች።