የተቀቀለው ጉበት

ሦስቱም ውሾች በአንድ ሌሊት አለቁ።

ማክስ ከግቢው በር ሥር ተዘርሯል። ቼሪ ቤቷ ውስጥ ገብታ እንደተጠቀለለች ቀርታለች። ትልቁ ኩሩ ግን በቀላሉ እጅ አልሰጠም። ሣሩን እየቧጨረ ግቢውን አቋርጦ ሄዶ የሳሎኑ ደረጃ ላይ ነው የወደቀው።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። የጥቅምት ብርድ ሱሉልታን አቆራምዷታል። የውሾቹ ጸጉር ላይ ውርጭ ተጋግሯል።

ኢንስፔክተር የሺሃረግ በሥራዋ ብዙ ሬሳ አይታለች፤ የሰው ሬሳ። ለውሻ ተብላ መጠራቷ መጀመሪያ አናዷት ነበር። የቤቱ እመቤት ሩሃማ የኩሩን ጭንቅላት ታቅፋ እርጥብ መሬት ላይ ተቀምጣ ስታያት ግን ንዴቷ በረደ።

"በእጄ ነው ያሳደግኳቸው" አለች ሩሃማ። "አንድም ቀን የተበላሸ ነገር አላቀመስኳቸውም።"

እውነቷን ነበር። ሩሃማ ለውሻና ለድመት "ተፈጥሯዊ ምግብ" በማዘጋጀት የታወቀች ሴት ናት። ጥሬ ጉበት፣ ሳንባ፣ ጨጓራ፣ የዶሮ አንገት ከነአጥንቱ በየላስቲኩ ታስርና፣ በፍሪዘር አቀዝቅዛ ለአዲስ አበባ፣ ለቡራዩና ለሰበታ ደንበኞቿ ታደርሳለች። በቤቷ ለእንስሳ የሚጣድ ድስት የለም። "ተኩላ ድስት ጥዶ ያውቃል?" ትላለች ለሚከራከራት። ጎረቤቱ ደግሞ፣ "እኛ ጎመን ስንቀቅል የእሷ ውሾች ጉበት ያማርጣሉ" እያለ ያማታል።

ሁለት ጥብቅ ሕጎች ነበሯት። ውሾቹ "ብላ" ካልተባሉ፣ ያውም ከቤተሰቡ ሰው እጅ ካልሆነ፣ ምግብ አይነኩም። ዓርብ ዓርብ ደግሞ ሙሉ ቀን ምንም አይበሉም። የዱር አውሬ በየቀኑ አይበላም፣ ሆዳቸው ይረፍ ባይ ናት። ይህንንም ሰፈሩ ሰምቶ፣ "የሩሃማ ውሾች ከእኛ ይሻላሉ፣ ዓርብን ይጾማሉ" ብሎ ስቆባታል።

የተጠራው የእንስሳት ሐኪም ጓንቱን አጥልቆ የኩሩን ሆድ ከፈተ። ብዙም አልቆየም።

"የተባይ መድኃኒት ነው፤ ለእርሻ የሚረጨው። በጉበት ነው የሰጧቸው።" ከዚያ ፊቱን አጨማደደ። "ሌላም ነገር አለ። አንጀቱ በትል ተሞልቷል፤ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ደቃቅ ትል። ክኒን አትሰጧቸውም ነበር እንዴ?"

"በተፈጥሮ የሚመገብ ውሻ መድኃኒት አያስፈልገውም" አለች ሩሃማ በቁጣ። "ምን ገደላቸው ነው እንጂ የተባልከው፣ ምን አመማቸው አልተባልክም!"

የሺሃረግም ያን ጊዜ ነገሩን አሳለፈችው።

ከውሾቹ ቤት ጀርባ ያልተበላ ቁራጭ ጉበት ተገኘ። የሺሃረግ በእንጨት ገልበጥ አድርጋ አየችው። አመድማ ነው፤ ደርቋል። ጥሬ አይደለም። የተቀቀለ ነው።

በዚህ ቤት? የተቀቀለ?

የሩሃማ ባል በሪሁን ደረጃው አጠገብ እጁን ኪሱ ከቶ ቆሟል። መሐንዲስ ነው፤ ጠዋት ጠዋት አዲስ አበባ ይወርዳል፣ ማታ ይመለሳል። ዓርብ ዕለት ሩሃማና ትንሿ ልጃቸው ሊሊ ገፈርሳ የሩሃማ እናት ዘንድ አድረዋል። ሠራተኛዋ ለቅሶ ሰበታ ሄዳለች። እሱ አምሽቶ ገብቶ መተኛቱን ተናገረ።

"ምንም አልሰሙም?" አለችው የሺሃረግ።

"ድካም ነበረብኝ። ምንም።" ወደ ግቢው በር ተመለከተ። "ማንንም መጠርጠር አልወድም። ግን የዘበኛውን ክፍል ብታዩት አይከፋም።"

አዩት። ከአልጋው ሥር ግማሽ የሆነ የተባይ መድኃኒት ጠርሙስ ተገኘ።

ዘበኛው ኦቦ ዲሪርሳ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። የሩሃማ ቤት የቆመበት መሬት ድሮ የእሳቸው የገብስ ማሳ ነበር። በገዛ ማሳቸው ዘበኛ ሆነው መቀጠራቸውን አገር ያውቃል። "ከልጅ ልጆቼ እነዚህ ውሾች ይሻላሉ፣ ሥጋ ይበላሉ" ማለታቸውንም የሰማ ሞልቷል። መድኃኒቱ አለ፣ ቂሙ አለ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? የሺሃረግ ራሷ ይዛቸው ሄደች።

እሑድ ጠዋት ከማረፊያ ክፍሉ አስወጥታ ከፊቷ አስቀመጠቻቸው።

"አከም ቡልተን፣ ኦቦ ዲሪርሳ? እንዴት አደሩ?"

"ነጋ፣ ኢንተለ ኮ። ደህና ነኝ፣ ልጄ።"

"መድኃኒቱ የእርስዎ ነው?"

"የኔ ነው። ለቀረችኝ ቁራሽ መሬት የገዛሁት ነው።"

"ጉበቱን ለውሾቹ የሰጡት እርስዎ ነዎት?"

አቀረቀሩ።

"ዓርብ ማታ ግቢው ውስጥ ነበሩ። የገባ ሰው አይተዋል?"

"የገባ ሰው የለም።"

"ታዲያ ማን ነው?"

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። "ያየሁትን ብናገር የሰው ቤት ይፈርሳል። የእኔ እንደሆነ ድሮም ፈርሷል። ተይኝ፣ ልጄ።"

"ነገ ፍርድ ቤት ይቀርባሉ፤ ዝም ካሉ እስር ቤት ነው። በዚህ ዕድሜዎ!"

"እንጀራቸውን በልቻለሁ" አሉ።

የሺሃረግ ከጠረጴዛው ተነሳች። አለቃዋ፣ "ጠርሙሱ ተገኝቷል፣ ዝጊው" ብሏታል። እሷም እንዳትዘጋው የሚያደርግ ማስረጃ አልነበራትም። ሽማግሌው እያወቁ ዝም ማለታቸው፣ እሷም ምናልባት ጥፋተኛ ያልሆነ ሰው ማሰሯ እንቅልፍ የሚነሳት ነገር ነው። አንድ ቀን ቀርቷታል።

መጀመሪያ ሄመንን ፈለገቻት። ሄመን ሯጭ ናት። ባለፈው ወር በዚያ መንገድ ስትሮጥ ማክስ አምልጦ ባቷን ዘንጥሏት ከውድድር ቀርታለች። "ውሾቹን እጨርሳቸዋለሁ" ብላ የዛተችውም በአደባባይ ነው። የሺሃረግ ከልምምድ ስትመለስ መንገድ ዳር አገኘቻት።

"ሰምቻለሁ" አለች ሄመን ላቧን እየጠረገች። "አልዋሽሽም፣ ደስ ብሎኛል።"

"ዓርብ ማታ የት ነበርሽ?"

"ከቡድኑ ጋር። ሁሉንም መጠየቅ ትችያለሽ። ደግሞስ ማን ደፍሮ ይጠጋቸዋል? ድንጋይ ብወረውርላቸው እንጂ ሥጋ አልወረውርም።"

"የተቀቀለ ጉበት ነው የሰጧቸው።"

ሄመን ሳቀች። "ጥሬ እንደሚበሉ አገር የሚያውቀውን! እኔ ብሆን ምን አደከመኝና እቀቅላለሁ?"

የሺሃረግ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሞተሩን ሳታስነሳ ቆየች። ልጅቷ ልክ ናት። እስካሁን፣ የቀቀለው ሰው የቤቱን ደንብ የማያውቅ ባዳ ነው የሚል ሐሳብ ይዟት ነበር። ግን ባዳ ቢሆን ውሾቹ ከእጁ አይበሉም። ዓርብ መሆኑም በአጋጣሚ አይደለም፤ ሌላ ቀን ጠግበው ያሸቱና ይተዉት ነበር። ዓርብ ደግሞ ሥጋ ቤቱ ዝግ ነው። ጉበቱ ከራሷ ከሩሃማ ፍሪዘር የወጣ ነው። የቤት ሰው ነው። ደንቡን የሚያውቅ የቤት ሰው፣ ያለ ደንቡ የቀቀለው ለምንድን ነው?

ኦቦ ዲሪርሳ? እሳቸው ክፍል እሳት የሚነድበት ምድጃ እንኳን የለም።

የጋሮማ ሥጋ ቤት በእሑድ ተጨናንቋል። ለሩሃማ የሆድ ዕቃ የሚያቀርብላት እሱ ነው። ጋሮማ ቢላዋውን እየሳለ ወደ ጓሮ ወሰዳት።

"የእኔ ጉበት መርዝ የለበትም፣ ኢንስፔክተር! ስሜን እንዳታጠፉኝ።"

"ማን አለህ? ሩሃማ ምን ምን እንደምትወስድ ብቻ ንገረኝ።"

"ሁሉንም። ጉበት፣ ሳንባ... አንዳንዴ ውሃ የቋጠረ ሳንባ ይወጣል፤ እሱን እንጥለዋለን። እሷ ግን 'አትጣሉት፣ ለውሾቹ ችግር የለውም' ብላ ትወስዳለች። 'ይቅርብሽ' ብያት ነበር፤ ደንበኛ ናት፣ ምን ላድርግ?"

"ባልየውስ ይመጣል?"

"በሪሁን? ወዳጄ ነው።" ጋሮማ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ግን ሰውዬው ምን እንደነካው እንጃ። በየእሑዱ ጓደኞቹን ከአዲስ አበባ ይዞ የሚመጣ፣ ጥሬ ሥጋ ነፍሱ የነበረ ሰው፣ ይኸው ሰሞኑን ቁርጥ ሳቀርብለት እንደ እባብ ያየዋል። 'ጥብስ አድርግልኝ፣ በደንብ ይብሰል፣ ደም እንዳላይበት' ይለኛል። ልጅቷንም ይዞ መጥቶ እጇን ሦስቴ ሲያስታጥባት አይቻለሁ።"

የሺሃረግ የተንጠለጠለውን ሥጋ አየች። ከዚያ የሐኪሙ ንግግር መጣባት። ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ትል።

ስልኳን አውጥታ እንስሳት ሐኪሙ ጋ ደወለች። አንድ ጥያቄ ጠየቀችው። የሰጣትን መልስ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ስልኩን ስትዘጋ ጋሮማ፣ "ደህና ነሽ ወይ?" አላት። ወደ መኪናዋ ሮጠች።

በሪሁንና ሩሃማ ሳሎን ውስጥ ነበሩ። ሊሊ በሚቀጥለው ክፍል ከድመቷ ጋር እያወራች ትጫወታለች። ድመቷ ማድ ቤት ተዘግቶባት ስላደረች ተርፋለች።

የሺሃረግ አልተቀመጠችም።

"አቶ በሪሁን፣ ጥሬ ሥጋ መብላት ለምን ተዉ?"

ሩሃማ ግራ ገብቷት ባሏን አየችው። በሪሁን ግን ጥያቄው ከየት እንደመጣ ወዲያው ገብቶታል።

"ልጅህን ሐኪም ቤት ወስደሃት ነበር" አለች የሺሃረግ። አንቱታው ቀርቷል። "ምን አሉህ?"

"ምን ሐኪም ቤት?" አለች ሩሃማ። "በሪሁን?"

"ሊሊ ሆዴን አመመኝ ስትለኝ..." ወደ ሩሃማ ዞረ። "አንቺ ቡራዩ ዕቃ ልታደርሺ የሄድሽ ቀን። በአልትራሳውንድ አዩዋት። ጉበቷ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት አለ አሉኝ። 'ቤታችሁ ውሻ አለ? ጥሬ የሆድ ዕቃ ይበላል?' ብሎ ሐኪሙ ጠየቀኝ። አለ አልኩት። 'እንግዲያው ከዚያ ነው፤ የውሻው ትል እንቁላል በእጇ ወደ አፏ ገብቷል' አለኝ።"

ሩሃማ ቆማለች።

"ሊሊ ቀኑን ሙሉ አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ ነው የምትውለው" አለ በሪሁን። "ታውቂያለሽ። ለአንቺ ምን ልበልሽ? 'ጥሬውን ተይ' ብዬሽ ስንት ጊዜ ተጣልተናል? አሁን ደግሞ 'በእጅሽ ባጎረስሻቸው ልጅሽን አሳመምሻት' ልበልሽ? አቃተኝ። ውሾቹ ከሌሉ ነገሩ ያበቃል አልኩ። ልጅቷን በዝምታ አሳክማለሁ፣ አንቺም ሳታውቂ ይቀራል አልኩ።"

"ለምን ቀቀልከው?" አለች የሺሃረግ።

"ጥሬውን መንካት አልቻልኩም። የሊሊ ሐኪም፣ 'ሳይበስል ለእንስሳ አትስጡ' ብሎኝ ነበር። ልገድላቸው እያዘጋጀሁ፣ እሱን ምክር ግን ጠበቅኩ።" ፊቱን በእጁ ሸፈነ። "ኩሩ በሩን ሲቧጭር ሰምቻለሁ። እንድከፍትለት ነው የመጣው። አልከፈትኩለትም።"

"ጠርሙሱንስ?"

"ከኦቦ ዲሪርሳ ክፍል ወስጄ መለስኩት። አንቺ 'ምንም አልሰሙም?' ስትዪኝ አፌ ቀደመኝ። ከዚያ በኋላ መመለስ ከበደኝ።"

"ሁለት ቀን ሙሉ ከበደህ" አለች የሺሃረግ። ንዴቷ ሙሉ በሙሉ ተመልሶባታል። "ሽማግሌው እስር ቤት ሊገቡ ነው፤ አንተ እዚህ ሻይ ትጠጣለህ። የእንስሳት ሐኪሙ አሁን በስልክ ምን እንዳለኝ ልንገርህ? ለውሾቹ በየጊዜው የትል ክኒን መስጠት፣ የሆድ ዕቃውን መቀቀል። በቃ። መሞት አልነበረባቸውም። መደበቅም አልነበረብህም።"

በሪሁን ቀና አለ። "ክኒን?"

"ክኒን።"

ሩሃማ ሁለት እጆቿን ከፊቷ ይዛ ታያቸው ነበር። "ሐኪሙ ቅዳሜ ጠይቆኛል" አለች ቀስ ብላ። "ጮህኩበት።" ከዚያ ባሏን አየችው። "እኔን መቆጣት ነበረብህ እኮ። ብትሰድበኝ፣ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ እናቷ አይደለሁም?"

ከሚቀጥለው ክፍል ሊሊ ተጣራች። "እማዬ፣ ውሮ ራባት! ጉበት ላምጣላት?"

"አትንኪ!" ብላ ጮኸች ሩሃማ። ልጅቷ ደንግጣ ማልቀስ ጀመረች። እናትየው ሮጣ ሄደች።

ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ሁለቱ ሰዎች ተገናኙ፤ በሪሁን ሲገባ፣ ኦቦ ዲሪርሳ ሲወጡ። የሺሃረግ መሐላቸው ቆማ ሽማግሌው ይረግሙታል ብላ ጠበቀች። ቢረግሙት አትፈርድባቸውም ነበር።

በሪሁን አንገቱን ደፋ። "ኦቦ ዲሪርሳ..."

"አይቼዎታለሁ" አሉ ሽማግሌው። "ድስቱን ይዘው ሲወጡ አይቼዎታለሁ። የገዛ ውሻው ነው፣ ምን አገባኝ ብዬ ተውኩት። ኋላ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱም አይቻለሁ።" ትንሽ አሰቡ። "ለውሾቹ መስሎኝ ነበር።"

የሊሊን ሕመም የሺሃረግ ነግራቸው ነበር።

"ልጅቷ ትድናለች?"

"ይላሉ። መድኃኒት ይሞክራሉ። ካልሆነ በኦፕሬሽን።"

ኦቦ ዲሪርሳ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ መንገዱ ወጡ። የሺሃረግ ተከተለቻቸው።

"ኦቦ፣ በመኪና ላድርስዎት። እባክዎ። እኔም በድያለሁ።"

"የት ታደርሺኛለሽ?" አሉ። "እዚያ ግቢ አልመለስም።"

ወደ መንደራቸው የሚወስደውን ሚኒባስ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙና ገቡ።